የሰረዝኩት ጎርፍ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ አፊፋ፣ አሊዩ አምባ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ? ከቀብሩ ወዲህስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እህል ትቀምሻለሽ ወይ? እናታችን ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ? አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አታስነብቢ፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይተሻልና ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው።

ለቅሶው ላይ አቅፈሽኝ፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ አንተ ያቅምህን ሠርተሃል ስትይኝ እውነቱን ደበቅሁሽ። ያቅሜን አልሠራሁም፣ እትዬ። ባልሽን አሊን ውሃ የወሰደበት ድልድይ ከፍታው የተወሰነው በእኔ ቁጥር ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን አዲስ ትምህርት መጣ፤ የተሰበሰበ ቁጥር ማጥናት፣ በኮምፒውተር ማስላት፣ ካለፈው ተነሥቶ የሚመጣውን መገመት። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ናቅነው። ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ልንማር መጥተን የጸሐፊ ሥራ ሰጡን ብለን አጉረመረምን። የሰላ ድንጋዩ ጓደኛዬ ኃይለ ገብርኤል ከኋላ ተቀምጦ ያስቀን ነበር፤ ፈተናውንም ተኮራርጀን አለፍን። አስተማሪው አንድ ቀን፣ "ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ስታገኙ ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ መጀመሪያ የጻፈውን ሰው ጠይቁት" አለን። በእሱም ሳቅንበት።

በዓመቱ ለልምምድ የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ከእናንተ በታች ባለው ወንዝ ላይ ሰውና የጭነት ከብት የሚያሻግር ድልድይ ሊሠራ ተነሣ። የአገሩ ልጅ ነህ ብለው የውሃውን መዝገብ ሰጡኝ። ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ አዛውንት ወንዙ ዳር የቆመውን መለኪያ ሃያ ዓመት ሙሉ እያዩ የጻፉት ነው። የ1959 ነሐሴን ቁጥር ከሌሎቹ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ሽማግሌው እጃቸው ስቷል ብዬ ሰረዝኩት። ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ ሰነፍኩ። ድልድዩ በቀረው ቁጥር ልክ ዝቅ ብሎ ተሠራ። የተመረቀ ዕለት አሊ በቅሎውን እየሳበ ቀድሞ ሲሻገር፣ የሚስቴ ወንድም የሠራው ነው እያለ ላገኘው ሁሉ ሲናገር አይቼዋለሁ። ባለፈው ነሐሴ ውሃው እንደ 1959ኙ ሆኖ መጣና እሱን ከነበቅሎው እዚያው ድልድዩ ላይ አገኘው፤ ድልድዩንም ጠራርጎ ወሰደው።

በቀብሩ ማግስት አዲስ አበባ ልሂድ ብዬሽ ስወጣ በቀጥታ አልሄድኩም። ገብረመንፈስቅዱስ ቤት ገብቼ ስለዚያ ቁጥር ጠየቅኳቸው። "ያን ቀን ውሃው ሁለቱን በሬዎቼን ወሰደብኝ፤ እንዴት እሳሳታለሁ?" አሉኝ። የሟች ዘመድ መሆኔን ሲሰሙ አዘኑልኝና ወተት አቀረቡልኝ። ሳልቀምሰው አስቀምጬ ወጣሁ።

ያደረግሁትን ጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠሁ። ድልድዩን በዚያው ከፍታ መልሰው ሊሠሩት ነበር፤ አሁን ሁለት ሜትር ከፍ እንዲል ታዟል። እኔን አሰናበቱኝ፤ ምረቃዬም በአንድ ዓመት ተገፋ። ያንን የናቅነውን ትምህርት ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ እንደገና እየተማርኩ ነው። እነሱም እንደኛው ይስቃሉ። አስተማሪው የሆነውን እንድነግራቸው ለመነኝ። አንቺ ሳታውቂ ለባዕድ መናገር አልሆንልኝ አለ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። አትንገር ካልሽኝ ዝም እላለሁ። ንገር ካልሽኝ የአሊን ስም ጠርቼ እነግራቸዋለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ወንድማችንን ሸሪፍን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ሰሊሃ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ትንሿን መሊካን አባቷ ያደርግላት እንደነበረው አንገቷ ሥር ሳሚልኝ። አንቺ የኔን ሰላምታ መቀበል ከከበደሽ ግን ለልጆቹ ብቻ አድርሺላቸው።

ወንድምሽ ዓወል
አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1980 ዓ.ም.