ይሄን ወፍጮ አጥፋና ና ብላ

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዘሩባቤል፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ናኦልና ሶፊ አጠገብህ ተቀምጠዋል፤ ሊነግሩህ የመጡትንም ነግረውሃል። ምናልባት ናኦል ቃል አጥቶ ወለሉን እያየ ከሆነ፣ ወረቀቱን እጠፈውና የእነሱን ፊት እይ። ከእኔ ጽሑፍ ሳይሆን ከሰው አፍ እንድትሰማው ነው ይህ ሁሉ የተለፋው።

እንግዲህ ሰምተሃል። እማዬ አርፋለች። አይዞህ ልልህ ብዕሩን ካነሳሁ ቆየሁ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። እኔም ራሴ አልተጽናናሁም ዘሩዬ።

ግፋታን ደህና አሳልፋለች። የበዓሉን ምግብ፣ ሙቹዋውን የሠራችው ራሷ ናት። አጠገቧ ቆሜ "ቅቤ አበዛሽ" ብላት "አስተማሪ ሲባል ለሰው ቅቤ ይሰስታል" ብላ ሰደበችኝ። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ደረቴን ከበደኝ አለች። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ልብ ነው አሉን፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ተሻላትም። ተቀምጣ ከጎኗ ከተኛችው ሴት ጋር መጫወት ሁሉ ጀምራ ነበር። ሻይ አማረኝ ስትል ላመጣላት ወጣሁ። ስመለስ አልቆየችኝም። አልተሰቃየችም። ይህንን ሐኪሙም ነግሮኛል፣ እኔም ለራሴ ጠዋት ማታ እነግረዋለሁ።

የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር ማለትህ አይቀርም። ስምህን ጠራች ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን በዚህ ሰሞን የዋሸሁት ይበቃኛል። "ስኳር እንዳታበዢበት" ነው ያለችኝ።

ጉኑኖ አባባ አጠገብ ቀበርናት። ሰው ብዙ ነበር፤ መዘምራኑም ከሶዶ ድረስ መጡ። ከቀብር ስመለስ ደወልክ። "እማዬስ?" አልከኝ። "ጉኑኖ ናት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም" አልኩህ። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ እንዴት እንደጮህኩ ጓደኛህ ለማ ይነግርሃል።

ለምን እንደደበቅንህ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ መቆጣት ካለብህ እኔን ተቆጣኝ። ሀዘን ቤት ውስጥ "ለዘሩ ማን ይንገረው?" የሚል ነገር ሲነሳ እኔ ስልኩን አንስቼ ነበር። ጋሽ ደገፉ ከእጄ ወሰዱት። አጎታችንን ታውቃቸዋለህ፤ ሲናገሩ አጭር ነው። "መርዶ በስልክ አይሆንም" አሉ። "ስልክ እጅ የለውም። ልጅ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል?" ከዚያ ቀና ብለው ቶማን አዩት። የአጎታችን ልጅ ቶማ የእናቱን ሞት ጅቡቲ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ነው ያየው፣ ሻማ ከተለጠፈበት ፎቶ ላይ። ወደ አገር ቤት፣ ዲምቱ ተመልሶ ሱቅ ከከፈተ ወዲህም ስልክ ሲጮህ ይበረግጋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ "ሰው ይላክበት" አለ።

ሰው ይላክ ማለት ቀላል ነው። በጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ፣ ቀኝና ግራህን የሚይዙ ሰዎች ቤትህ ገብተው ይንገሩህ ማለት ነው። አንተ ያለህባት ከተማ ግን ወላይታ የለባት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለባት፣ አሠሪህም አልፎ አልፎ ብቅ የሚል ሰው ነው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ብቻህን ቆመህ ሳሙናና ዳቦ ስትሸጥ ነው የሚታየኝ። ሽማግሌዎቹ ዘመድ ሲቆጥሩ፣ ዱቦን አልፈው ቦዲቲን አልፈው ሲቆጥሩ ዋሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲደርሱ አንድም ስም አላገኙም።

ለማ ነው ነገሩን ያመጣው። ያ ጓደኛህ ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረድር ውሎ ነበር። ወደ ጥግ ጠራኝና "ህብረትዬ፣ ዘሩ እኮ ሰው አለው" አለኝ።

"ማንን?"

"ተሳፋሪዎቹን።"

እውነቱን ልንገርህ፣ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። አይረን ማታቱ የሚባሉትን የናይሮቢ ጸጉራም ሮከኞች እንደማልወድ ታውቃለህ፣ በሕይወቴ ሙሉ አንድ ዘፈናቸውን እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። ለእነሱ የከፈታችሁትን የቴሌግራም ግሩፕም የሥራ ፈቶች ስብስብ ነው ስል ኖሬአለሁ። ማታቱ የናይሮቢ ታክሲ ነው ተብሎ አድናቂው ተሳፋሪ፣ አንተ ደግሞ ረዳት! ትልቅ ሰው ሆነህ "ሙሉ ነው፣ ንዳው!" እያልክ ስትጽፍ እኔ ላንተ አፍር ነበር። ለማ ግን ስልኩን አውጥቶ አንተ የሌለህበት ሌላ ግሩፕ ከፈተ፤ ስሙን "ጋራዥ" አለው። ከዚያኛው ግሩፕ አንተን ብቻ አስቀርቶ ሁሉንም ጠራቸው። እኔንም አስገባኝ። "የረዳቱ እህት ናት" ሲላቸው "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እህታችን ትቀመጥ" አሉ። ከዚያ ለማ የሆነውን ጻፈ።

አንድም ሰው ቀልድ አልጻፈም። መጀመሪያ የጻፈችው ሶፊ ናት። "ወፍጮ አጥፋ እማማ?" አለች። ለካ ሁሉም እማዬን ያውቋታል። ገና እዚህ እያለህ፣ ሙዚቃቸውን ከፍተህ ስለ ጊታሩ ስታብራራ የላክኸው የድምፅ መልእክት ነበር፣ መሐሉ ላይ እማዬ ከጓዳ "ዘሩ! ይሄን ወፍጮ አጥፋና ና ብላ!" ስትልህ የተቀዳ። እናንተ ቆርጣችሁ አስቀርታችሁት፣ አንድ ሰው ነገር ሲያረዝም እሱን ትልኩበታላችሁ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ደሴ ያለው፣ ጅማ ያለው፣ ደርባን ያለው በእናቴ ድምፅ ይቀጣል። አይታት የማያውቅ ሁሉ "እናታችን" እያለ ሲጽፍ ሳይ፣ ስልኩን ይዤ ድንኳኑ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ።

ናኦል "ጆሃንስበርግ ነኝ፣ እኔ እሄዳለሁ" አለ። እዚያው አገር ያለችው ሶፊም "ወንድ ብቻውን ሄዶ ምን ሊል ነው? አብሬው አለቅሳለሁ" አለች። ሁለቱም ፈቃድ እስኪያገኙ፣ አውቶቡሱ እስኪገጣጠም ግን ቀን ነጎደ። እስከዚያ አንተ ምንም እንዳይሸትህ ያስፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ድንገት ዝም ቢል ትጠረጥራለህ።

ያን ሥራ የወሰደው ጌታሁን ነው። የሐዋሳው ጌታሁን፣ ስለ ከበሮ መቺው ከአንተ ጋር ለዓመታት ሲናከስ የኖረው። እሱ የድሮውን ከበሮ መቺ ይላል፣ አንተ አዲሱን። ጋራዥ ውስጥ "እኔ መጨቃጨቅ ካቆምኩ ዘሩ ሰው ሞቷል ይላል" ብሎ ጻፈ። እናም በየቀኑ መጣብህ። አንድ ቀን አዝኖልህ "ልክ ነህ" ሊልህ ነበር፤ ሁላችንም ተረባርበን ከለከልነው። እዚያ ይሰድብሃል፣ እዚህ ጋራዥ ገብቶ "አልቻልኩም" ይለናል። ሰው እያለቀሰ ስለ ከበሮ ሲከራከር በዓይኔ አየሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ ከሴቶች መሐል ተቀምጬ ለማ ያስገባኝን ዋናውን ግሩፕ ከፈትኩ። ጌታሁን ነገር ሲያረዝምብህ አንተ አንድ ድምፅ ልከህለታል። ሳላስበው ነካሁት።

"ዘሩ! ይሄን ወፍጮ አጥፋና ና ብላ!"

አክስታችን ቦሼ የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ፤ አንዲት አሮጊት ተነስታ ወደ ጓዳ ዞረች። እኔ ስልኩን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩት። ጋሽ ደገፉ ከወንዶቹ በኩል መጥተው ቁጭ አሉና ቀስ ብለው "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። የዚያን ቀን ያለቀስነውን ያህል ቀብሩ ላይ እንኳን አላለቀስንም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቦሼ ልጅ ማኅሌት የእማዬን ፎቶ ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ክፋት የላትም፣ ልጅ ናት። ለማ እየሮጠ ቤቷ ሄዶ አስጠፋት፤ ግን ማን እንዳየው፣ ማን ለማን እንዳሳለፈው በምን እናውቃለን? ጋራዡ ተሸበረ። ናኦልና ሶፊ ገና መንገድ አልጀመሩም። ጌታሁን ደግሞ አንተን ከፌስቡክ ለማራቅ ብሎ ማንንም ሳያማክር ዋናው ግሩፕ ላይ "አይረን ማታቱ በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሊመጡ ነው!" ብሎ ለቀቀው።

ተቆጣሁት። እሱ ምን እንደሚከተል አላሰበም፤ አንተ ትንጫጫለህ፣ ቀኑ ያልፋል፣ በኋላ ወሬ ነበር እንላለን ብሎ ነው። ሌሎቹም ከለቀቀው በኋላ ምን ያድርጉ፣ ደስ ያላቸው መስለው ጻፉ። አንተም ተንጫጫህ። ስንት መልእክት እንደላክህ! እንደዚያ ስትደሰት ካየሁህ ስንት ጊዜዬ ነው። ፌስቡክን ጭራሽ ረሳኸው። ከዚያ ያንን ጻፍክ።

"በቃ እመጣለሁ። አሠሪዬን ነግሬዋለሁ። ከኮንሰርቱ በፊት ሶዶ ገብቼ፣ በሩን ሳላንኳኳ ዘው ብዬ፣ እናቴን ድንገት ልደርስባት ነው። ለማ፣ እህቴም ካለች፣ ሁላችሁም፣ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።"

ያን የሚያህል ሰው አነበበው። ለማ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር፣ የድንኳኑን ብረት እየፈታ። ብረቱን አስቀምጦ ስልኩን አየ። ከዚያ "እሺ፣ አንነግርብህም" ብሎ ላከልህ። አንተ ሳቅህ።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለሶፊ ነው የምልክላት፤ አትማ ታመጣልሃለች። ስልክህ ላይ መላክ ይቀለኝ ነበር። ግን ጋሽ ደገፉ ልክ ናቸው፣ ስልክ እጅ የለውም። እነዚህን ሁለት ልጆች አታባርራቸው። "ብቻዬን ልሁን" ማለት እንደምትወድ አውቃለሁና ነው። ያዘጋጁልህን ብላ። አባባ ሲሞት ሳትበላ የሰነበትከውን አልረሳሁትም፤ ያኔ በግድ የምታጎርስህ ነበረች። ሶፊን አደራ ብያታለሁ፤ እንቢ ካልክ ያንን ድምፅ ታሰማሃለች።

ግሩፑንም ተናድደህ እንዳትወጣበት። እኔ ያን ጩኸት ዛሬም ሙዚቃ ነው አልልም፤ ሰዎቹ ግን ሰዎች ናቸው። ጌታሁንን ይቅር በለው። ያን ወሬ ከለቀቀ ወዲህ ዋናው ግሩፕ ላይ ድምፁ ጠፍቷል። ከበሮውን አንሳበትና ስደበው፣ ነፍሱ ትመለስለታለች።

ኮንሰርት የለም ዘሩ። ማታቱዎቹ አይመጡም። አሠሪህ ግን ፈቅዶልሃልና ና። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በሩን ግን ክፍት አድርጌ እጠብቅሃለሁ፣ ሳታንኳኳ ዘው በል እንዳልከው። ከዚያ አብረን ጉኑኖ እንወርዳለን። እኛ ቃላችንን ጠብቀናል፤ አልነገርንብህም። መምጣትህን አንተው ራስህ ትነግራታለህ።

የአባባና የእማዬ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው አያሳጣህ። የያዙህን እጆች ይባርክ። እኔንም አንተን ሳላይ አይውሰደኝ።

እህትህ
ህብረት