መሬት ላይ ለጠጣኸው ባሕር ላይ ትጠየቃለህ

ለልጄ ለኤቨሬት፤ ሮተርዳም።

የማዕበል ጌታ አንተንም መርከብህንም ይጠብቅ። እኛ በሕይወት አለን። የምናጠምደው ሎብስተር ዘንድሮ ከከተማችን ከሮክላንድ ውኃ ርቋል፤ እናትህም እዚህ ሳለህ ከታሰርህ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቀርታለች።

የመርከብ መኮንንነት ፈቃድህን ስታሳድስ፣ ሰክረህ መኪና በመንዳትህ መቀጣትህን ልትሰውር ማሰብህን ከእህትህ ሰማሁ። ወዳጄ ዌንደልም ወደቡ ላይ፣ «አንተ አልደን፣ ልጁ የነዳው መኪና እንጂ መርከብ አይደል። አርፎ ዝም ይበል» አለኝ።

«መሪውን የያዘው እጅ ያው ነው» አልሁት።

«አይ አንተ! አባቱ ነህ ወይስ ዓቃቤ ሕጉ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄ ሆይ፣ ፈቃዱን የሚሰጡት የባሕር ዘቦች የመኪና ነጂዎችን መዝገብም ያገላብጣሉ። ጥፋትህን ቀድመህ ብትናገርና መጠጥ ለመተው መታከምህን ብታስረዳ፣ ምናልባት ፈቃድህን ያዘገዩብህ ይሆናል። ሸሽገህ ቢደርሱብህ ግን ውሸታምን አምኖ መርከብ የሚሰጥ የለም።

የምትደብቀው እኔ እንዳላፍርብህ ከሆነ፣ አፍሬብሃለሁ፤ እርሱ አልፏል። እውነቱን ተናግረህ ፈቃድህን ብትነጠቅ፣ ባንጎር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ ሻንጣህን እኔው እሸከማለሁ።

እግዚአብሔር ልብህን ያጽናልህ። እባክህ፣ ሳትውል ሳታድር ለባሕር ዘቦቹ ጻፍላቸው።

አባትህ አልደን ተርሎው