የማሾው መድኃኒት ልኬት

ለልጄ ለሳጂዳ፣

አሰላሙ አለይኩም። ባለሽበት ጅዳ አላህ ይጠብቅሽ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የማሾው ማሳ ተባይ ጠፍቷል። ጎረቤታችን ሙሳ ግን ዛሬም መድኃኒቱን በክዳን እየገመተ ይቀዳል። «ጨው መሰለህ?» አልኩት። የጠርሙሱ ወረቀት ለሃያ ሊትር ውኃ አርባ ሚሊ ካለ አርባ ነው፤ ያለ ጓንትም ጠርሙስ አልከፍትም።

የዘንድሮው መለኪያ አፉ ጠባብ ስለሆነ ሁለቴ ፈሰሰብኝ። ስለዚህ እናትሽ ትቀዳለች፣ እኔ መስመሩን አይቼ «በቃ» እላለሁ። ሻይም ለራሷ ሙሉ እየቀዳች ለእኔ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ነው የምትሰጠኝ፤ ቆጣቢ ሆናለች።

ለዒድ ከመጣሽ ልኬቱን አሳይሻለሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚለካ ሰው ቢኖር አይከፋም። ጽሕፈቱ ከተወላገደብሽ ጥፋቱ የእስክሪብቶው ነው፤ ከሚሴ ከተማ ስሄድ ሌላ እገዛለሁ።

ዱዓችን አይለይሽ።

አባትሽ አብዱልጀባር