ዘጠኙንም የተሸነፉት ሽማግሌዎች

አካም ገቢሳ፣ ናጋ?

ትናንት እህቴ ፋርሂያ የምትሠራበት ትንሽ ኮሌጅ ወስዳኝ የአሜሪካኖቹን ኳስ አየሁ። እንቁላል የመሰለ ኳስ አቅፈው ይላተማሉ፤ ከጨዋታው ምንም አልገባኝም። ለእረፍት ሲወጡ ግን ስምንት ሽማግሌዎች ሜዳው መሀል ተሰለፉ። በነሱ አቆጣጠር በ1953 ለኮሌጁ የተጫወቱ ናቸው።

«ዋንጫ በልተው ነው?» አልኳት ፋርሂያን።

«ዘጠኝ ተጫውተው ዘጠኙንም ተሸንፈዋል» አለችኝ።

ስማቸው ተራ በተራ ተጠራ። የሞቱትም ሳይቀሩ ተጠሩ፤ በነሱ ፈንታ ሽማግሌዎቹ «አለ» ይላሉ። አንዱ በዚያ ዓመት ጉልበቱ የተሰበረ ነው ተባለና በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉት ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አለለት።

እኛ ለኮሌጃችን ስንጫወት ወደራ ከተማ ሄደን ዋንጫ በላን። ጎሉን አግብተህ ጉልበትህ የተሰበረው አንተ ነህ። ነገሌ ስንገባ ዋንጫው በአይሱዙ ከተማውን ሲዞር አንተን ክሊኒክ በር ላይ አወረዱህ። በሽልማቱ ቀን ደግሞ «ከዋንጫው ጋር ፎቶ ላይ የለም» ብለው ዘለሉህ። አሁን ያ ኮሌጃችንም የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል፤ አቤት የሚባልበት በር እንኳ የለም። እዚህ የሞተ ሰው ይጠራል፤ እኛ ጋ በየቀኑ ገበያ መሀል እያነከሰ የሚያልፈውን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እትዬ እልፍነሽን ሰላም በልልኝ፤ በረኛችንን ዋቅቶላንም። ስሞቹ ተጠርተው ሲያበቁ፣ ፋርሂያ እጄን እየጎተተችኝ፣ እኔም ያንተን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«አለ» የሚል ጠፋ።

ኢያድ