አልማዝ ባለጭራ ከምን መጣብኝ?

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ዛሬ ከሥራ ቀረሁ። ከጎድኔ እስከ ጀርባዬ የወጣው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ እሳት ሲለበልበኝ ስለሰነበተ፣ ጠዋት ደሴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ገና እንዳየችው «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ደምህን እንመርምር» አለችኝ። ባለቤቴ ዘሀራ አብራኝ ነበረች። ሰው ይህን በሽታ ከኤች አይ ቪ ጋር እንደሚያያይዘው ሁለታችንም እናውቃለን። ደም ሰጠሁና ውጤቱን ጠበቅን።

ከቫይረሱ ነፃ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

«ታዲያ ከምን መጣ?» አለች ዘሀራ።

ሐኪሟ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሥጋ በሚቀመጥበት የበረዶ ክፍል ቀኑን ሙሉ እንደምሠራ ነገርኳት።

«ብርዱና ድካሙ የሰውነትህን የመከላከል አቅም አዳክሞት ሊሆን ይችላል። ግን በእርግጠኝነት ብርዱ ነው ልልህ አልችልም» አለችኝ።

የቱን ልያዝ? አብረውኝ ለሚሠሩት ለጋሽ ይማም ስደውልላቸው፣ «ወላሂ፣ እዚያ ከገባሁ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም፤ ብርድ ሰውን ያጠነክራል» አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው የገቡ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንገባ፣ ዘሀራ ወፍራሙን ጃኬቴን ለነገ ብላ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ አነሳችውና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«ነገ አልግባ?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ!» አለችና አለቀሰች።

ለእኔ ፈርታ ይሁን ወይስ አሁንም ስላላመነችኝ፣ አልገባኝም። ልጠይቃትም አልደፈርኩም።