ዋይፋዩን ያበላሸኸው አንተ አይደለህም

ጌትዬ፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። ወባ በሦስት ቀን ከእጄ ነጥቃ ስትወስድህ ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ሄዷል። አሁን ግንቦት ነው። የመተማን ግንቦት ታውቀዋለህ፤ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። አንተ ያለህበት ስፍራ ግን ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሙቀቱ የሚገባው ሌላ ሰው አለና። እሱን ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። እናትህ ከሽንፋ መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ከርመዋል። «ብቻሽን አትኖሪም» ብለው ፍየላቸውን ሳይቀር እየጎተቱ መጡ። ፍየሏ ጎረቤት ለሻይ የተከለውን ከርከዴ ሙልጭ አድርጋ በላች፤ በእሷ ሰበብ ተኳረፍን፣ ደግሞ ታረቅን። በረንዳው ላይ ለጥላ ብለህ በሣር የሠራሃትን ራኩባ የሚያዝያ አውሎ ነፋስ ገለበጣት። ጽሕፈት ቤትህን ግን አልዘጋሁትም። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ይህችን የመጽሔት ዓምዴን በአንተው ላፕቶፕ እጽፋለሁ።

ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ላፕቶፑ ላይ የጫንክበት ቀን ትዝ ይልሃል? ደንበኛው ሁሉ በፍላሹ ቫይረስ እያመጣ ሲያስመርርህ «በቃ!» ብለህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥክ። ሽሮዬን ሦስት ጊዜ አሞቅሁት፤ ቀና አላልክም። ሁሉም ተሳክቶልህ ዋይፋዩ ብቻ አልነሳ ሲልህ፣ ለሊኑክስ የሚስማማ የዋይፋይ ካርድ ድንበር ማዶ ካለ ነጋዴ አስመጣህ። የክብሪት ቀፎ የማያህለውን ነገር በሁለት እጅህ ይዘህ፣ አራስ እንዳቀፈ ሰው እየተጠነቀቅህ ስትገባ ስንት ሳቅሁብህ! ከዚያ በኋላ ዋይፋዩ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮን አያውቅም። ይህን ዛሬ በምስክር ፊት እናገራለሁ።

ሙሉቀንን አንተ ታውቀዋለህ፤ አንባቢዎቼ ግን አያውቁትም። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ከአንተ ጋር በአንድ ሳህን የበላው፣ ሥራ ሲጠምበት «ጌታሁን ድረስልኝ» የሚልህ ጓደኛህ ነው። በቀብርህ ቀን ከሁሉ አብልጦ ደረቱን የደቃ እሱ ነበር። ነጠላውን አዘቅዝቆ «ወንድሜን!» እያለ ሲወድቅ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያነሳው። እኔ እንኳ የማልቀስ ተራ አጣሁ። በሣልስትህ ማግስት መጥቶ «የጓዴን ዕቃ አቧራ በልቶት እንዳይቀር ልጥረግልሽ» ብሎ ላፕቶፑን ወሰደ። በሳምንቱ አብረቅርቆ መለሰው። እኔ ሞኟ መርቄ ሸኘሁት። ያ ምርቃት አሁንም ይቆጨኛል።

ዋይፋዩ መሞት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይያያዛል፣ አምስት ደቂቃ ይሠራል፣ ድርግም ይላል። ለመጽሔቱ የምልከው ጽሑፍ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ አልጠረጠርኩም ነበር፤ ተነሥቼ ወደዚያው ሰው ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። እሱም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ ምን አለኝ መሰለህ? «እህቴ፣ ሟች አይወቀስም እንጂ ጌታሁን ማሽኑን ገድሎት ነው የሞተው። ነጻ ነው ብሎ ያልሆነ ነገር ጫነበት። ጠቅልዬ ላጥፋውና በአዲስ ልጫንልሽ።»

ጠቅሎ ሊያጠፋው! የጻፍከውን ሁሉ!

እምቢ ብዬ ወጣሁ፤ ወሬው ግን ቀድሞኝ ወጣ። መተማን ታውቃታለህ፤ እዚህ ወሬ ዋይፋይ አያስፈልገውም። ወፍጮ ቤት ስሄድ «ጌታሁን እኮ ለካ እየገመተ ነበር የሚሠራው» ይባላል። ሽንፋ ድረስ፣ ገለጉ ድረስ ደረሰ። የሰሊጥ እርሻ ቢሮዎቹ፣ የአንተ የድሮ ደንበኞች፣ አንተ የሠራህላቸውን ማሽን ተሸክመው ወደ ሙሉቀን ጎረፉ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት እናትህን ነው። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ልጄ ብልህ ነበር፤ ያንን ነገር ግን ማን መከረው?» አሉ። እናትህ! አንተን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ስለ ልጃቸው በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁ ሴት። ቂም የያዝኩት ያን ቀን ነው።

ደብተርህን አወጣሁ። ያቺን ሰማያዊ ሽፋን ያላትን፣ «ለውዴ፦ እኔ መንገድ ስሄድ ዋይፋይ ቢያስቸግርሽ» ብለህ የጀመርክበትን ገጽ። ድሮ ስትሰጠኝ «አንተ እያለህልኝ ምን ያደርግልኛል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ የወረወርኳትን።

«አንደኛ፦ ከማሽኑ በፊት ቤቱን እዪ» ይላል። አየሁ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር የለም! ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው እናትህን ጠየቅኋቸው። ረጋ ብለው «ቆልፌበታለሁ» አሉኝ። ከአቧራና ከሌባ ለማዳን ብለው፣ ሽቦውን በክዳኑ ስንጥቅ አሳልፈው፣ የሠርግ ልብሳቸውን የሚያስቀምጡበት የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተውታል። በቁልፉ ቀዳዳ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ይላል። ሞገድ ብረት እንደማይወድ ብነግራቸው «አንቺ ደግሞ፣ የሚታይ ነገር ነው የሚሰረቀው» ብለው ተቆጡኝ። ለምኜ አስወጣሁትና ቡፌው አናት ላይ ሰቀልኩት። ዳንቴል ሊያለብሱት ሲሉም እጃቸውን ስሜ ተማጸንኩ። የስልኬ ኢንተርኔት በረረ። ላፕቶፑ ግን ያው ድርግም።

«ሁለተኛ፦ ራውተሩን አለህ ወይ ብለሽ ጠይቂው።» በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍካትን ትእዛዝ ጥቁሩ ገጽ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኳት። አንዲት ነጥብ ረስቼ ማሽኑ ሦስቴ ሰደበኝ። ከዚያ መልሱ መስመር በመስመር ይወርድ ጀመር፤ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ። ድንገት ዝም። ስልኬ ግን በዚያችው ሰዓት ሳይቋረጥ ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱ ከመስመሩ አይደለም፤ ከላፕቶፑ ነው። «ሙሉቀን እውነቱን ይሆን እንዴ?» አልኩ። ይህን በማሰቤ ይቅር በለኝ።

«ሦስተኛ፦ ማሽኑ ባትሪ ልቆጥብ እያለ ካርዱን ያስተኛዋል፤ አታስተኛው በይው።» አልኩት። ግማሽ ቀን ሠራ። እልል ልል ስል ሞተ።

«አራተኛ፦ ይህ ሁሉ ካልረዳ ማሽኑን ዕቃህን ዘርዝርልኝ በይው፤ ካርዳችን ይህ ነው» ብለህ ስሙንና ቁጥሩን ጽፈሃል። ዘረዘረልኝ። ስሙ ሌላ ነው። ቁጥሩም ሌላ ነው። ሦስት ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከሥር ደግሞ ይህ መስመርህ አለ፦ «ከሌላ እንዳይቀላቀል በጥፍር ቀለምሽ ምልክት አድርጌበታለሁ።» የሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን ሲያስገባ ጆንያው ላይ የራሱን ምልክት በቀለም እንደሚጥለው ማለት ነው። ቀዩን የጥፍር ቀለሜን ማን እንደጨረሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠይቅህ ኖሬ!

ጀርባውን ፈትቼ ከፈትኩት። ያለው ካርድ ምልክት የለውም፤ ከሁለቱ የአንቴና ሽቦዎች አንዷ ሳትሰካ ተንጠልጥላለች። ይህ ላፕቶፕ አንተ ከሞትክ ወዲህ ከእጄ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወዴት እንደወጣ ደግሞ ነግሬሃለሁ።

መጀመሪያ ያማረኝ መዶሻ ይዤ ሱቁ መግባት ነበር፤ አልዋሽህም። ግን እኔ ሱቅ ብሰብር «ያበደች መበለት» እባላለሁ፤ አንተም እንደተሰደብክ ትቀራለህ። እኔ የፈለግሁት፣ ስምህን ያጠፋው አፍ ራሱ እንዲያነሳው ነው። ለእድራችን ዳኛ ለአያ ደምሌ ነገርኳቸው። ጢማቸውን ዳበሱና «አውጫጭኝ እንቀመጣለን» አሉ። እንደ አገራችን ወግ፣ የጠፋ ነገር ሲኖር ሁሉም ተሰብስቦ በየተራው እየማለ ያየውን የሰማውን ያወጣል፤ ዐውቆ የደበቀ እርግማኑ ልጅ ልጁ ላይ ይደርሳል።

እሑድ ዋርካው ሥር ሰው ሞላ። አያ ደምሌ ከጌታሁን ላፕቶፕ ካርድ መለወጡን ተናግረው ማሐላው ዞረ። ሙሉቀን ተራው ሲደርስ ብድግ ብሎ «በጌታሁን አጥንት!» ብሎ ማለ። በአጥንትህ፣ ጌትዬ! ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሳሁት፤ ያን የመሰለ ካርድ ለራሱ እንጂ ለማን ይሰካዋል ብዬ። «አያ ደምሌ፣ እንግዲያው የሙሉቀን ላፕቶፕ ይምጣና ጀርባው ይከፈት» አልኩ። «የሰው ምስጢር አለበት፣ የደንበኛ ፋይል አለበት» እያለ ሲወራጭ ሚስቱ ወርቄ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። «ንጹሕ ነኝ ካልክ ምን ያወራጭሃል?» ብላ ሄዳ ይዛው መጣች። ወርቄን ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካብኝ።

ጀርባው ተፈታ። ቀይ ነጥብ። ጥፍር ቀለሜ። ቁጥሩን ከደብተርህ ላይ እየጠራሁ አያ ደምሌ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አመሳከሩ። «ጆንያው ባለቤቱን አገኘ» አሉ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ሙሉቀን ላቡ እስከ ጫማው ወረደ።

ካርዱን ራሱ ነቅሎ ራሱ ሰካው፤ ሽቦዎቹንም ሁለቱንም። ከዚያ ይህን አዘዝኩት፦ ሊኑክስህን ከፍቶ፣ በስልኬ መስመር አገናኝቶ፣ ሽማግሌዎቹ ዜናውን ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው እስኪሰሙ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዲይዘው። ዜናው ረጅም ነበር።

ከዚያ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር በዪ» አሉኝ። አላልኩም። እዚያ ያለች ሴት ሁሉ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ድንጋዩን ያውርድ፤ ድንጋይ አልሰረቀኝም» አልኩ። «ወሬውን ባደረሰበት እግሩ ሄዶ ይመልሰው። ወፍጮ ቤት ሄዶ፣ እርሻ ቢሮዎቹ ሄዶ፣ ሽንፋ ሄዶ፣ ገለጉ ሄዶ በእያንዳንዱ ደጅ ‘ጌታሁን አላበላሸም፤ እኔ ሰርቄ ነው’ ይበል። የዚያን ጊዜ እናስብበታለን።» አያ ደምሌ «ፍርድ ነው» አሉ።

በዚህ ሙቀት እየዞረ ነው የከረመው። የገለጉን መንገድ ታውቀዋለህ፤ መኪና ሲያጣ በእግሩ ነው የሄደው። አዘንኩለት ብዬ ብጽፍልህ ትታዘበኛለህ። የድሮ ደንበኞችህ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ማሽናቸውን ለእኔ እየሰጡ «እንደ ጌታሁን አድርጊልን» ይሉኛል።

አንድ ደጅ ቀርቶት ነበር፤ የመጨረሻው፣ እሱም የፈራው። ባለፈው ቅዳሜ መጣ። እናትህ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እማማ፣ ልጅዎ አላበላሸም፤ ካርዱን የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አለ፤ በቀስታ። እናትህ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አልሰማሁህም ልጄ፣ ጆሮዬ ይከብዳል።» ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ነፋሱ ወሰደው፤ እስቲ ጠንከር አድርገህ።» ሦስተኛውን ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጣ፤ መንገድ የሚሄደው ቆመ። እናትህ አራተኛ አስደገሙት፤ አምስተኛም።

ጌትዬ፣ የእናትህን ጆሮ ታውቀዋለህ። ፍየሏ ሦስት ቤት አልፋ ስታስነጥስ የሚሰሙ ሴት ናቸው።

ሲሄድ ቀና ብለው ተቀመጡ። በዚህ ስምንት ወር እንደዚያ ቀና ብለው አይቻቸው አላውቅም። «ልጄ መች ያበላሻል» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን፣ ለመንገዱ። እኔም ከቀበርኩህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ስምህን በየደጁ ንጹሕ አድርጌ መልሼልሃለሁ፤ እኔ እስካለሁ ማንም አይነካውም። አንተን በየቀኑ አስብሃለሁ፤ ቃሌ ነው። ይቅርታውንም ሙሉቀን በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቀኛል። እኔም ከእናትህ ተምሬ፣ «ምን አልከኝ?» እለዋለሁ።

ያንተው፣
ውድህ