ስምዖንን ማን ይንጠቀው?

ቅዳሜ፣ ሜይ 10
ጋርላንድ ሜዳ ላይ የእግር ኳስ ልምምድ። ነፋሱ ኮፍያዬን ይዞት ሄደ። ትናንት የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ጠርቶኝ ነበር... "ወንድም እንግዳ፣ ዘንድሮም በሪቻርድሰን ቤተ ክርስቲያን ቡድን ከተሸነፍን አሰልጣኝነቱን ለዮኒ እንሰጣለን።" ለዮኒ! ኳስ በስልኩ ብቻ ለሚያውቀው! እኔ ድሬዳዋ ለፋብሪካ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ። በእኔ በኩል ማን አለፈ? እሺ... አንድ ሁለቴ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13
የአምናውን ጨዋታ ቪዲዮ ደግሜ አየሁት። ሦስቱንም ጎል ያገባብን ስምዖን ነው። የሪቻርድሰን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ! ያን ቦርጩን ይዞ! ልጆቼ ደግሞ መንገድ ይለቁለታል። ተከላካዬን ካሌብን ጠየቅኩት።
"ኮች፣ ማለቴ... ትልቅ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ደግሞ ፍቅረኛዬን ጸጋን እንዲጠይቁልኝ ወደ ቤተሰቧ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። ሶ፣ እንዴት ልንጠቃቸው?"
ጉድ እኮ ነው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17
ሸሚዜ ውስጥ ትራስ ከትቼ "ስምዖን ነኝ፣ ና ንጠቀኝ!" አልኩት። ካሌብ ዞር ብሎ አሳለፈኝ። "ይቅርታ ጋሼ" ይላል ደግሞ! ኳሱን ሰጥቼው ራሴ ነጠቅኩት፣ በስልሳ አንድ ዓመቴ። "ሰውየውን አትየው፣ ኳሱን እይ!" ደጋገምነው... በመጨረሻ ነጠቀኝ። ሳሩ ላይ ተዘረርኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!
ማታ ባለቤቴ ዓለምጌጥ ጉልበቴ ላይ በረዶ እየያዘች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ረሳኸው እንዴ?"
አልረሳሁትም።

ሰኞ፣ ሜይ 26
አንድ ለዜሮ አሸነፍን! ስምዖን ሊያገባ ሲል ካሌብ ደረሰበት። ኳሱን ብቻ ነው የነካው፣ ንጹሕ ንጥቂያ። ስምዖን ግን በቦርጩ ተደፋ። ማንንም ሳያናግር እያነከሰ ወጣ።
ኮሚቴው ተራ በተራ አቀፈኝ። የዮኒን ስም ያነሳ የለም። ካሌብ ግን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ "ኮች፣ ጸጋን አጣኋት" ይላል። አንጀቴን በላው። እኔ አይደለሁም እንዲህ ያደረግኩት?
"ስምዖን ሽማግሌ ሆኖ ካልሄደልህ እኔ እሄድልሃለሁ" አልኩት።

እሑድ፣ ጁን 15
ፍሪስኮ፣ የጸጋ አባት ቤት። ሱፌን ለብሼ ስደርስ በሩ ላይ ማን ቆሞ ባገኝ ጥሩ ነው? ስምዖን! ጉልበቱ በፋሻ ታስሯል። ሰላም እንኳ አላለኝም። ገብተን፣ በሽምግልና ወግ እሺ ሳይባል ስለማይቀመጥ፣ እንደቆምን የመጣንበትን ተናገርን።
"ልጁ እንዴት ያለ ነው?" አሉ አባትየው።
አፌን ሳልከፍት ስምዖን ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ጉልበቱን አሳያቸው። "የተሰጠውን ቦታ ጠባቂ ነው። ሰው አይቶ አያዳላም። ይኸው!"
አባትየው ሳቁ። "ማነው እንዲህ ያስተማረው?"
"እኔ ነኝ" አልኩ።
ያን ጊዜ ነው "ተቀመጡ" ያሉን።